አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ

«ለካዙሳ እንዳይነግሯት። ትርኢቱ እስኪያልቅ አደራ፤ ፊቷ ላይ ይታወቅባታል፣ መድረክ ላይ ሁሉንም ነገር ታበላሸዋለች» አለች እህቴ ኮቶኖ። ካዙሳ እኔ ነኝ። እሷ በረንዳው ላይ ነበረች። እኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ፤ ከራሴ በላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ሦስት ጣት ያህል ተከፍታለች። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር፤ ሰዓቱን አይቻለሁ። የሚወርደውን ውሃ ዘጋሁት። «አዎ፣ ፈርሜያለሁ» አለች ቀጥላ። «ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው አይደል የሚወጣው? እሺ አቶ ሙናካታ። አመሰግናለሁ፣ በጣም አመሰግናለሁ።» ከዚያ የልብስ መስቀያዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ሰማሁ። ስልኩን ዘግታ የታጠበ ልብስ ማስጣት ጀምራለች። የኔንም ካልሲዎች ጭምር ነበር የምታሰጣው።

አንድ ነገር ስሰማ ወዲያው ካየሁት ጋር የማስተያየት ልማድ አለኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ እዚያ አንዲት ጥርስ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ካለች ሰውየው ማኘክ አይችልም። ስለዚህ ብሩሹን እንደያዝኩ ያየሁትን በየተራ ደረደርኩ። ረቡዕ ዕለት ኮቶኖን ከሚያዘፍናት ድርጅት ልብስ ሰፊ መጥታ፣ በአንድ መድረክ ከምንዘፍነው ከአምስታችን መካከል የኮቶኖን ልክ ብቻ ወስዳ ሄዳለች። ባለፈው ሳምንት የዚሁ ድርጅት ትልቁ ቡድን ውስጥ አንዲት ልጅ እንደምትለቅ ተነግሯል፤ ቦታዋን ማን ይይዘው ይሆን የሚል ወሬም በየመልበሻ ክፍሉ ይዞራል። ሦስተኛው ይኸው አሁን የሰማሁት ነው። ሦስቱም እውነት ነበሩ። ያንን ቀን በሰዓት በሰዓት ከፋፍዬ ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ፤ ካየኋቸው ነገሮች አንዱንም እስከ ዛሬ ስህተት ሆኖ አላገኘሁትም። የተሳሳተው የደመርኩት ነው።

ሱዙካዜ ሙቀቱ ሲሰበር የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ሦስት ድርጅቶች ከየቡድኖቻቸው አምስት ሴቶች አዋጥተው የመሠረቱት ጊዜያዊ ቡድን ስሙን ከዚህ ወሰደ፤ አንድ ዘፈን፣ ሃያ ሁለት መድረክ፣ ሦስት ወር። የሚበተንበት ቀን ከሚመሠረትበት ቀን ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ነው የታወጀው፤ የመስከረም የመጨረሻው እሁድ። በአይዶሎች፣ እየዘፈኑና እየጨፈሩ ደጋፊ በሚያፈሩ ወጣት ሴቶች ሥራ፣ ይህ የተለመደ ነው። የአንዱ ቡድን ደጋፊ ሌላውን ይለምዳል፣ ማለቂያው ስለሚታወቅም ሰው ሌላ ጊዜ አያለሁ ብሎ አይዘገይም። ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል ይባላል። የኔ ቤት ግን እየፈረሰ ነበር። እኔ ያለሁበት ቡድን አራት ሰው ነው፤ ሁለቱ በዓመቱ መጨረሻ እንለቃለን ብለዋል፣ አለቃችንም «እናስብበታለን» ብሎናል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ሥራ በሃያ ስድስት ዓመቷ አዲስ ቡድን የሚቀበላት የለም። ከሱዙካዜ በኋላ የምቆምበት መድረክ እንደማይኖር ከኮቶኖ በቀር ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ለእሷም የነገርኳት መድረክ ላይ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ ነው።

ሁለታችንን የመረጡን እህትማማች ስለሆንን ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኮቶኖ በትልቅ ድርጅት፣ እኔ በትንሽ፤ እየተነቋቆርን ስናወራ ሰው ይስቃል። መድረክ ላይ «እትዬ» ትለኛለች። «እትዬ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለ የፑዲንግ ጣፋጭ ላይ ስሟን ትጽፋለች» ትላለች፣ እኔም «ከስሜ ሥር አንቺ የበላሽበትን ቀን የምጽፈው ለፖሊስ ማስረጃ እንዲሆነኝ ነው» እላለሁ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው ያጨበጭባል። ቤት ውስጥ ግን ምንም ብላ አትጠራኝም። ዋራቢ ከተማ ባለው ሁለት ክፍል ቤታችን፣ ወለሏ በስድስት የሣር ምንጣፍ በሚሸፈን ጠባብ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ለፍራሽ ተጠጋግተን እንተኛለን፤ የምንነጋገረው «መብራቱን ላጥፋው?» እና «አጥፊው» ነው። እኔን ሁለት ጊዜ የመለሰኝ ድርጅት እሷን በአሥራ አምስት ዓመቷ በመጀመሪያው ፈተና ሲቀበላት፣ እንኳን ደስ አለሽ ያልኳት በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ተጣልተን አናውቅም። ዝም ብቻ ነው ያልነው።

ቁርስ ላይ እማዬ ከምትሠራበት ገበያ ያመጣችውን የተጠበሰ ማከሬል ዓሣ አሞቀች፤ ክዳኑ ላይ የግማሽ ዋጋ ምልክት ተለጥፏል፣ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ የን። እማዬ ከሃያ ዓመት በላይ የተዘጋጀ ምግብ ክፍል ውስጥ ቆማ የሠራች ናት፤ ቤት ውስጥም ቆማ ነው የምትበላው። «እንግዲህ ዛሬ ማለቁ ነው» አለች የሩዝ ሳህኔን እየሞላች። «ማለቁ ነው» አልኳት። ፊቷን አዞረችና በድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ለማታ ቀይ ሩዝ ልሥራ እንዴ? ቀዩን አዙኪ ባቄላ ዘፍዝፌ—» ስትል ኮቶኖ «እማዬ!» አለቻት። ቀይ ሩዝ ደስታ በመጣ ቀን የሚሠራ ነው። እማዬ አፏን በእጇ ሸፈነች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ «ዓሣው ጨው በዝቶበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደህና ነው» አልኩ። እማዬም ታውቃለች ማለት ነው፤ ከሦስታችን የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ኮቶኖ ሾርባዋን ጠጥታ ስትጨርስ ሳህኖቹን ሰበሰበች፣ ተራው የኔ ነበር።

አዳራሹ ወዳለበት ወደ አኪሃባራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጎን ለጎን ቆመን ነበር የሄድነው፤ ሁለታችንም አፋችንን ሸፍነናል፣ ኮፍያ አድርገናል። ኡኤኖ ስንደርስ የተቀመጡ ሰዎች ወርደው ሁለት ቦታ ተገኘ። «ቁጭ በይ» አለችኝ። «አንቺ ቁጭ በይ» አልኳት። ሁለታችንም ሳንቀመጥ ደረስን።

አዳራሹ ምድር ቤት ነው፤ ሃያ ስድስት ደረጃ ወደ ታች። የመልበሻ ክፍሉ ለሦስት ሰው የተሠራ ሲሆን አምስታችን በአንድ ረጅም መስታወት ፊት እንደረደራለን፤ ወንበሮቹ ላይ ስማችን በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። የፀጉር መርጫና እርጥብ ግድግዳ ይሸታል። ከሌላ ድርጅት የመጣችው ሂባሪ ቀድማን ደርሳ ካልሲዋን እየሳበች ነበር። ቀልደኛ ናት፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ አፏ አይዘጋም። «ኧረ የኩራሺና ቤተሰብ መጡ!» አለች። «ታላቂቱ፣ ዛሬስ ታለቅሻለሽ አይደል? እኔ ሽፋሽፍቴን ውሃ በማይነካው ሙጫ ነው የለጠፍኩት፣ ብትፈልጊ ላበድርሽ።»

«አላለቅስም» አልኳት።

«ተዋት፣ እሷ የምታለቅሰው ፑዲንግ ሲጠፋባት ነው» አለች ኮቶኖ፤ ሰው ባለበት ሁልጊዜ እንደምትለው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አቶ ሙናካታ የኮቶኖ ድርጅት ሰው ነው፤ ሱዙካዜን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመራው እሱ ነው። ወረቀት የሚይዝበትን ሰሌዳ ከደረቱ አያነሳም፣ ጫማውም አይሰማም። ቆሞ የቀኑን ሥርዓት ነገረን። የመጀመሪያው ትርኢት ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ከሁለተኛው በኋላ ከደጋፊ ጋር ፎቶ፣ ለአንዷ ሺህ አምስት መቶ የን፣ ከእህትማማቾቹ ጋር ሁለት ሺህ። በመጨረሻው ዘፈን ፊት ለእያንዳንዳችን አንድ ደቂቃ ተኩል ስንብት። «ምስጋና፣ ትዝታ፣ ደህና ሁኑ። ሌላ የለም» አለ። «ያልወጣ ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ። ታውቁታላችሁ፣ ለሥርዓቱ ያህል ነው የምናገረው።» እናውቀዋለን። በኛ ሥራ ማንኛውም ዜና የሚፈታበት ሰዓት አለው፤ ከዚያ በፊት ለእናትም አይነገርም ይባላል፣ ለእናት ግን ሁሉም ይነግራል። በየድርጅቱ በመጀመሪያው ቀን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ አንዲት ልጅ «ነገ ደስ የሚል ነገር አለ» ብላ ስለጻፈች ብቻ የተሰጣትን የቴሌቪዥን ድራማ ቦታ አጥታለች ይባላል። ስሟን የሚያውቅ የለም። ሕጉን ግን ከዘፈኖቻችን ግጥም በላይ እናውቀዋለን። አቶ ሙናካታ ይህን ሲናገር ኮቶኖ ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

በሁለቱ ትርኢቶች መካከል ሰዓት ተኩል ያህል ነበረን። ከሁሉም በላይ የምመለስበት ያ ሰዓት ነው። በካርቶን ሣጥን ምሳ መጣ፤ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ቢጫ ፍጅል። ሂባሪና ሌሎቹ ሁለቱ ሲጋራ ማጨሻው በረንዳ ላይ ፀሐይ ለመሞቅ ወጡ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ኮቶኖ ከሣጥኗ ሁለት ቁራጭ ዶሮ በመመገቢያ ቀጫጭን እንጨቶቿ አንስታ የኔ ሩዝ ላይ አኖረችልኝና «ብዪ» አለች። «ጠግቤያለሁ» አልኳት። ጀርባዬ ላይ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ አየኋት፤ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ እንደገና ገጠመችው። አንድ ቃል ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ እንደነበር አሁን እርግጠኛ ነኝ። ያኔ ግን በውስጤ «ልታባብለኝ ነው» አልኩ። የፀጉር ማድረቂያውን አነሳሁና ከፈትኩት። የደረቀ ፀጉሬን ለአራት ደቂቃ አደረቅሁ። ሳጠፋው ወጥታለች።

መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጥሮች ተለጥፈዋል፤ መሐሉ ዜሮ ነው፣ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። የኮቶኖ ቦታ ዜሮ ነው፣ የኔ በግራ አራት። አዳራሹ ሙሉ ነበር። እያንዳንዳችን የራሳችን ቀለም አለን፤ ደጋፊው የመብራት ዱላውን በሚወዳት ልጅ ቀለም ያበራል። የኮቶኖ ነጭ ነው፣ የኔ ብርቱካናማ። ከመድረክ ላይ ሆኖ መቁጠር ቀላል ነው። በሁለተኛው ትርኢት አሥራ አንድ ብርቱካናማ ነበሩ፤ ከፊት በስተግራ ያለው አቶ ቶኪታ ነው። ጣሪያ የሚከድን ሰው ነው፣ ዕድሜው ከሃምሳ በላይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀርቶብኝ አያውቅም። የስንብት ተራው ከዳር ጀመረ። ሂባሪ እያሳቀች አለቀሰች፣ ሌሎቹም አለቀሱ። ኮቶኖ ስትጀምር አዳራሹ እንደ በረዶ ነጣ። «እትዬ ባትኖር ይህን ሦስት ወር አልጨርሰውም ነበር» አለች። «ቤት ውስጥ አልነግራትም። እዚህ ስለሆነ ነው የምናገረው፤ ከእሷ ጋር ገና ብዙ መዝፈን እፈልጋለሁ።» ሰው ጮኸ። እኔ ግን ቃሏን እንደ ስንብት ማሳመሪያ ነው የሰማሁት። ትታኝ እየሄደች እንዲህ ማለቷ አንገበገበኝ።

ከዚያ ተራዬ ደረሰ። የተዘጋጀሁበት ሌላ ንግግር ነበር፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ቤት ውስጥ በሰዓት ለክቼ ነው ያጠናሁት። አፌን ስከፍት ግን ሌላው ወጣ። «እህቴ መናገር አልተፈቀደላትምና እኔ ልናገርላት» አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፣ ፈገግታዬም ጥሩ ነበር። «ኮቶኖ ከነገ ጀምሮ ወደ ትልቅ ቦታ ትሄዳለች። ሰሞኑን የትኛው ቦታ ክፍት እንደሆነ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ለኔ እንዳይነገረኝ ተብሎ ነበር፤ ታላቅ እህት ግን ሳይነገራትም ታውቃለች። እባካችሁ እንኳን ደስ አለሽ በሉልኝ።» ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ቀና ስል ሰው ሁሉ መብራቱን ወደ ነጭ ሲቀይር አየሁ፤ አቶ ቶኪታም የኔን ብርቱካናማ አጥፍቶ ነጭ አበራ፣ እኔ ጠይቄው። ኮቶኖ ፊቷን ወደኔ መልሳ አገጯን በጣም በትንሹ ሁለት ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛወዘች። ትሕትና መሰለኝ። መጋረጃው አጠገብ የቆመው አቶ ሙናካታ ሰሌዳውን ከደረቱ አውርዶታል። ዘፈኑ ጀመረ፣ ዘፈንነው።

ደረጃው ላይ ነው ያገኘኝ፤ በረዶ የሚሠራው ማሽን አጠገብ። አልጮኸም። «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ማንም። ጠዋት ስልክ ስታነጋግርዎ ሰማኋት።»

«ምኑን ሰማሽ?»

«መፈረሟን። ለኔ እንዳይነገረኝ ማለቷን።»

ከሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ነቅሎ ሰጠኝ። አንድ የሻይ መጠጥ ድርጅት ያወጣው ማስታወቂያ ነበር፤ ከላይ «ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚፈታ» ይላል። ሱዙካዜ በሁለት ሰው እንደሚቀጥል፣ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ መጪው መስከረም በማስታወቂያዎች ላይ የድርጅቱ ፊት እንደሚሆን ይገልጻል። ከሥሩ ሁለት ስም አለ። ኩራሺና ካዙሳ፣ ኩራሺና ኮቶኖ። የኔ ከላይ ነበር።

«የሻይ ድርጅቱ የፈለገው ኮቶኖንና ሂባሪን ነበር» አለ አቶ ሙናካታ። «እህቴ ካልሆነች ብላ ሦስት ሳምንት ደጅ የጠናችው እሷ ናት። ያንቺ አለቃ ባንቺ ፋንታ ፈርሟል፣ ልክሽም ነሐሴ ላይ ስለተወሰደ እኛ ጋ አለ። ሲያልቅ እዚያው መልበሻ ክፍል ውስጥ ልትነግርሽ ነበር። ስትደነግጪ በስልኳ ልቀርፅሽ ነው ብላ…» አልጨረሰውም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጥ ነበር። «የትልቁ ቡድን ቦታ ለሌላ ልጅ ከተሰጠ ቆይቷል። አሁን የዚያ ቡድን ደጋፊዎች ተነስተዋል፤ ይቺ ደግሞ ከየት መጣች እያሉ ነው። እስካሁን አራት ሺህ መልእክት።»

«ምን ላድርግ?» አልኩት።

«ፎቶው አለ። ሂጂ፣ ሰው ተሰልፏል።»

ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ከሩብ ፎቶ ተነሳን። ከኮቶኖ ጋር ጎን ለጎን ቆምን፤ እሷ የቀኝ እጇን፣ እኔ የግራ እጄን አጥፈን በመሐላችን የልብ ቅርጽ እንሠራለን፣ ደጋፊው ከመሐል ይቆማል፣ ፎቶው ወዲያው ከማሽኑ ይወጣል፣ አስተናባሪው ትከሻውን ነካ አድርጎ ያሳልፈዋል። ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ሰከንድ። ሁለት መቶ ሰባት ሰው ነበር። የኮቶኖ ጣቶች ከኔ ጣቶች ጋር በተገናኙ ቁጥር ቀዝቃዛ ነበሩ። ሰው በማይኖርባት ሁለት ሰከንድ ውስጥ «ኮቶኖ» አልኳት። «የሚቀጥለው መጣ» አለችኝ፣ ፈገግ እንዳለች።

አቶ ቶኪታ ስምንተኛ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። እጆቹን ሱሪው ላይ ጠርጎ መሐላችን ገባ። «ስድስት ዓመት ስከተልሽ» አለኝ፣ «እንደ ዛሬው ኮርቼብሽ አላውቅም። እኔም ወንድም አለኝ፤ ሱቅ ሲከፍት ልጠይቀው እንኳ አልሄድኩም። ነገ እደውልለታለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ።» ከዚያ ለኮቶኖ «እንዲህ ያለች እህት በመብራት ቢፈልጓት አትገኝም» አላት። ኮቶኖ «አዎ» አለችው። አስተናባሪው ትከሻውን ነካው።

ሃያኛው ሰው አካባቢ የሰልፉ መልክ ተለወጠ። የኮቶኖ ድርጅት ወሬው ሐሰት ነው የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ እኛን ያያል። ከዚያ በኋላ የመጡት ምን እንደሚሉ ግራ ገባቸው። «በርቱ» ብለው ያልፋሉ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ተማሪ ፎቶውን ከተነሳ በኋላ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ለምን እንዲህ አደረግሽባት?» አለኝ፣ ክፉ ድምፅ አልነበረም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። አሥራ ሁለት ሰከንዱ አለቀ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል አቶ ሙናካታ ከኋላችን መጥቶ በሁለት ደጋፊዎች መሐል በሹክሹክታ፣ «የሻይ ድርጅቱ ሰዎች ለጊዜው እናቆየው ብለዋል» አለን። ከሐሰት ነው ተብሎ ከተስተባበለ ወሬ ጋር ስማቸው በአንድ ቀን እንዲወጣ አልፈለጉም። በኛ አገር «ለጊዜው እናቆየው» የተባለ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ያየ ሰው የለም። ኮቶኖ ጭንቅላቷን አንድ ጊዜ ነቀነቀች። ቀጥሎ የመጣችው ሴትዮ የልደት ቀኗ ስለነበር ሁለታችን ዘፈንንላት።

የመልበሻ ክፍሉ ስንመለስ ባዶ ሆኗል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ተሰናብተው ሄደዋል። ሂባሪ መስታወቱ ላይ በከንፈር ቀለም «ታላቂቱ፣ አይዞሽ» ብላ ጽፋልኛለች። አቶ ሙናካታ ይቅርታ የምልበትን ጽሑፍ በስልኬ ላከልኝ፤ እንደዚህ ላለው ነገር የተዘጋጀ ጽሑፍ አለ፣ ስምና ቀን ብቻ ነው የሚቀየረው። እኔ ተቀምጬ፣ ኮቶኖ በትከሻዬ በኩል ቆማ አነበብነው። «ባልተረጋገጠ ነገር ተነሥቼ ብዙዎችን ስላስቸገርኩ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ከዚያ «ለታናሽ እህቴ ካለኝ ፍቅርና ደስታ የተነሣ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ ነው» ይላል። ከዚያ «ወደፊት እጠነቀቃለሁ» ይላል። የምልክበትን ልጫን ስል ኮቶኖ እጇን ዘርግታ ጣቷን መሐለኛው መስመር ላይ አደረገች።

«ይሄን አውጪው» አለች። «ደስ ብሎሽ አልነበረም።»

በመስታወት ሳይሆን ዞሬ አየኋት። ሜካፗ እንዳለ ነው፣ አላለቀሰችም።

«አጠገብሽ እኮ ነው የቆምኩት» አለች። «ሰው አይቶ ላያውቅ ይችላል። እኔ አውቀዋለሁ። ስፈተን፣ ሳልፍ፣ በሦስተኛው ቀን መጥተሽ እንኳን ደስ አለሽ ስትዪኝም እንዲሁ ነበርሽ።»

«አልነበረም» አልኳት። «ደስ ብሎኝ አልነበረም።»

መስመሩን ሰረዝኩት። ሁለት መስመር ቀረ፤ ላክሁት። ሌላ የምለው ነገር ፈለግሁ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ አንስቼ እያየሁ ሳስቀምጣቸው እሷ የመድረክ ልብሷን አጣጥፋ ጨረሰች። የኔንም ከወንበሩ አንስታ አጣጠፈችው፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ እማዬ እንዳስተማረችን። ሁለቱን በየከረጢታቸው አድርጋ በሩ አጠገብ አኖረቻቸው። ልብሶቹ የድርጅቱ ናቸው፣ ይመለሳሉ።

«እማዬ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ እየጠበቀች ነው» አለች። «አንቺ ደውዪላት።»

ስልኩ ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሣ። እማዬ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጋ ከፍታው ነበር፤ ከድምፁ በላይ እየጮኸች ነው የምታወራው። «ካዙሳ! ወጣ? እኔ እኮ ይሄ ስልክ አይገባኝም፣ ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። ነገረችሽ አይደል? ሦስት ሳምንት አፌን ይዤ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሊያመልጠኝ! እንኳን ደስ አላችሁ ልጆቼ፣ ሁለታችሁንም እንኳን ደስ አላችሁ! እህትሽ ስትነግርሽ ምን አልሻት? በይ ንገሪኝ፣ ምን አልሻት?» ኮቶኖ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ የበሩን እጀታ ይዛለች። ሳትወጣ፣ ሳትዞር፣ እዚያው ቆማ ትሰማለች።

«እማዬ» አልኳት፣ «ቆመሽ ከሆነ እስቲ ቁጭ በይ።»